ጉርሻና የልጅ ወንበር

ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ስወጣ፣ «ከእንግዲህ የምጠብቀው የልጅ ልጆቼን ብቻ ነው» ብዬ ነበር። ባለፈው ክረምት ቪዛው ተሳካልኝና ልጄ ወደምትኖርበት ወደ ኮለምበስ ሄድኩ። ኮለምበስ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ናት። እንደ ኒውዮርክና እንደ ሎስ አንጀለስ ስሟ አዘውትሮ አይነሳም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ግን ነዋሪዋ ከ900 ሺህ በላይ ነበር። የኛ ሰውም ሶማሌውም ይኖርባታል።

ልጄና ባሏ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ሦስት ዓመት የሞላው ማሙሽ ምሳውን አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ ሌላ ቀን ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ይበላል። ሁሉም አንድ ገበታ የሚቀርቡት እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ደግሞ ልጄ «ዛሬስ ድስት አላይም» ትልና ውጭ እንበላለን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኛ ጊዜ ልጅን ውጭ ማብላት ማለት ለበዓል ወይም ለልደት ኬክ ቤት መውሰድ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ግን ልጄ የምትሸሸው ድስቱን ሳይሆን ጥድፊያውን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጣ የልጇን ፊት እያየች መብላት ትፈልጋለች።

የመጀመሪያው እሑድ የገባንበት ቤት ሁሉ ነገሩ ለልጅ የተሰናዳ ነበር። አስተናጋጇ ገና ሳንቀመጥ ከፍ ያለ የልጅ ወንበር አመጣች። ለማሙሽ ለብቻው የልጆች ሜኑ፣ የሚሥልበት ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሰጠችው። «ይሄማ የልጅ አገር ነው» አልኩ። ምግቡ ሲመጣ ከጎኑ ፍራፍሬ አለው። ማሙሽ ግን አልበላም አለ። እኔ ደግሞ ልጅ ሳይበላ ከገበታ ሲነሳ አልወድም። ከወንበሩ አወጣሁትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አባቱ እያሳቀው ሳለ አንድ ሙሉ የወይን ፍሬ አንስቼ «በሞቴ» ብዬ አጎረስኩት።

ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ። አላሳለም፣ አላለቀሰም። እናንተዬ፣ የሚያስል ልጅ አየር አለው፤ የሚያስፈራው ድምፁ የጠፋው ነው። ወደ ፊት ደፋ አድርጌ በመዳፌ ግርጌ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል መታሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ወይኗ ወጥታ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ማሙሽ ጮኸ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጩኸት የለም።

ልጄ ልጇን ከእጄ ተቀብላ አቀፈችው። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። መኪና ውስጥም ዝም፣ ማታም ዝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ለትንሽ ልጅ ሙሉ ወይን፣ ሙሉ ለውዝ አትስጡ» እያልኩ ስንቷን እናት የመከርኩ ሴት፣ በገዛ እጄ የልጅ ልጄን ላጣው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ሳዳምጥ አደርኩ።

በማግስቱ ቡና እየጠጣን፣ «እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ባልኖርማ ወይኑን ማን ያጎርሰው ነበር?» አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቤት የምንመርጥበት ምክንያት ተለወጠ። ባለቀለም እርሳሱን ትተን፣ ልጁ ተረጋግቶ ተቀምጦ፣ እኛም እያየነው ሊበላ የሚችልበትን ቦታ እንፈልግ ጀመር።

ከሁሉ የወደድኩት መሃል ከተማ ያለውን ኖርዝ ማርኬት ነው። ከ1876 ጀምሮ የቆየ የሕዝብ ገበያ ሲሆን፣ አሁን ያለው ድሮ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከታች ምግብ ሻጮቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ፎቅ ላይ ጠረጴዛና ወንበር አለ። እያንዳንዱ የወደደውን ገዝቶ ይመጣና አብሮ ይቀመጣል። እኔ ፍልሰታን እየጾምኩ ስለነበር ሩዝ በአትክልት ያዝኩ፣ አማቼ ሥጋውን፣ ማሙሽ ደግሞ ለስላሳውን። ማንም ስለ ማንም አልተቸገረም። ሁካታ ስላለ ልጅ ቢያለቅስም ዞሮ የሚያይ የለም። ከእኩለ ቀን በፊት ከደረሳችሁ ደግሞ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። በመላ አሜሪካ ስሙ የታወቀው የጄኒስ አይስክሬም በ2002 የተጀመረው እዚያው ገበያ ውስጥ ነው። ማሙሽ ለአንድ ማንኪያ አይስክሬም ሲል ሙሉ ምሳውን የጨረሰባቸው ቀናት አሉ።

ከገበያው ትንሽ በእግር ሲኬድ ጉዴል ፓርክ ይገኛል። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1851 ለከተማዋ የሰጠው ሊንከን ጉዴል የተባለ ሐኪም ነው። የሙያ ባልደረባዬ ነውና አመሰገንኩት። ኩሬው ውስጥ የዝሆኖች ምስል ያለበት ፏፏቴ አለ። አየሩ ደህና ሲሆን ምግቡን ገዝተን ሣሩ ላይ እንቀመጣለን። እዚያ አንድ ሕግ አለን፤ መጀመሪያ ይበላል፣ አፍ ባዶ ሲሆን ይሮጣል።

ጀርመን ቪሌጅ በሚባለው የቀይ ጡብ ሰፈር ደግሞ ሽሚትስ አለ። ቤተሰቡ በ1886 በሥጋ ንግድ ነው የጀመረው፤ ምግብ ቤቱ የተከፈተው በ1967 ነው። ታዋቂነቱ በሶሴጅና ክሬም በተሞላ ትልቅ ኬክ ነው። ኬኩ አንዱ ለቤተሰብ ይበቃል። ቅዳሜና እሑድ ወረፋ ስለሚኖር፣ የራበው ልጅ ይዛችሁ ቆማችሁ እንዳትቸገሩ በጊዜ መሄድ ነው። ሶሴጅ ለትንሽ ልጅ ሲሰጥ ክብ ክብ ተደርጎ አይቆረጥም። የሦስት ዓመት ልጅ የአየር ቧንቧ ውፍረቱ የራሱን ትንሽ ጣት ያህል ነው፤ ክብ ነገር እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ሶሴጁን በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አድቅቁት። ወይንንም እንዲሁ በቁመቱ ለአራት ክፈሉት።

ዌንዲስ የሚባለው የበርገር ቤትም በ1969 የተመሠረተው በዚችው ከተማ ነው። መሥራቹ ስሙን የሰጠው በልጁ የቁልምጫ ስም ነው። ልጄ ሲመሻት በመኪና መስኮት ገዝታ ትመጣለች። በዚህ አልፈርድባትም፤ ከሥራ የደከመች እናት ናት። የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅ በሚሄድ መኪና ውስጥ አይብላ፤ የኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚታነቅን ልጅ ሾፌር አያየውም።

በመጨረሻ የሄድነው ሀበሻ ቤት ነው። ማሙሽ ከሁሉም ቦታ የበለጠ የበላው እዚያ ሆነ። ትሪው አንድ ነው፣ ሁሉም ወደ መሃል ያያል፣ ስልክ የሚነካ የለም፤ እጅ ወጥ ነክቷላ! ከልጅ ወንበሩ ሳይወርድ ድንች አልጫ በእንጀራ በላ። ሂሳቡ ሲመጣ ልጄ ለአስተናጋጁ የሚሰጠውን ጉርሻ አሰላች። እዚያ አገር ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው የሚሰጠው፤ የኛ ልጅ ወለሉን ካለበሰው ፍርፋሪ አንጻር እኔ ትንሽ አስጨመርኩ።

ልጅ ለመጠየቅ ለምትሄዱም፣ እዚሁ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ለምትወጡም፣ ይህን ያዙልኝ። ሕፃን ቁጭ ብሎ ይብላ፤ እየሳቀም እየሮጠም አይጉረስ። ታንቆ ድምፅ ካጣ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነውን ከኋላው ሆናችሁ፣ ከእምብርቱ ከፍ ብላችሁ ሆዱን 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ፤ እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ዓመት በታች የሆነው ግን ሆዱ አይነካም፤ ከጀርባው ምት ጋር የሚፈራረቀው የደረት ግፊት ነው። የማታዩትን ነገር ለማውጣት ጣት አትክተቱ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው እርዳታ ይጥራ፤ አሜሪካ ቁጥሩ 911 ነው።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ያ ሀበሻ ቤት እንደገና ሄድን። ማሙሽ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከእንጀራው ትንሽ ቆረሰ፣ አልጫው ላይ ነካ አደረገና ወደኔ ዘረጋ።

«አያቴ፣ አፍ!» አለኝ። ከፈትኩለት። ጣቱን ቀስሮ፣ ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ፣ ልክ እንደኔ ተቆጣኝ።

«አላምጪ! አትሳቂ!»