ከጭብጨባው በኋላ

ጭብጨባ ለከያኒ ደመወዝም ነው፤ ወጥመድም ነው። ደመወዝነቱን ሁሉም ይናገረዋል፤ ወጥመድነቱን ግን አጥርቶ የሚያውቀው የለመደውን ጭብጨባ ትቶ ለመሄድ የደፈረ ብቻ ነው። አሜሪካ ተወልዳ በአየርላንድ ባህላዊ ዳንስ ስመ ጥር የሆነችው ዳንሰኛና ኮሪዮግራፈር ጂን በትለር ይህን ከደፈሩት ጥቂቶች አንዷ ናት።

የአየርላንድ የእግር ዳንስ ደረትና ትከሻ ቀጥ ብለው፣ ክንዶች ከጎን ሳይለዩ፣ ንግግሩ ሁሉ ለእግር የተተወበት ጥበብ ነው። በጠንካራ ጫማ ሲደነስ ወለሉ ራሱ ከበሮ ይሆናል፤ በለስላሳ ጫማ ሲደነስ ደግሞ ዳንሰኛው መሬት የነካ አይመስልም። በ18ኛው መቶ ዓመት ከመንደር መንደር የሚዘዋወሩ መምህራን ለገጠሩ ሕዝብ ያስተምሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የጌሊክ ማኅበር በብሪታንያ አገዛዝ ሥር የተዳከመውን የአይሪሽ ቋንቋ ለማንሣት ሲነሣ፣ ዳንሱንም የብሔራዊ ማንነት ምልክት አድርጎ ያዘው። ውድድርም ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በደብሊን የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ። ውድድሩ ቅርሱን ከመረሳት ጠብቆታል፤ ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሎታል። የየአካባቢው ልዩ ልዩ አረጋገጥ እየደበዘዘ፣ በዳኛ ፊት ነጥብ የሚያስገኘው ስልት እየገነነ ሄደ።

በትለር የበቀለችው በዚህ ሥርዐት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደች፤ እናቷ በምዕራብ አየርላንድ ከሚገኘው ከሜዮ የሄዱ ስደተኛ ናቸው። ለስደተኛ ልጅ ዳንስ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ያላየችውን የወላጅ አገር በእግሯ የምትማርበት መንገድ ነው። በዶኒ ጎልደን እጅ ሠልጥና ለውድድር በቃች፤ ቺፍተንስ ከተባለው ስመ ጥር የባህል ሙዚቃ ጓድ ጋርም በመድረክ ታየች።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1994 በደብሊን በተካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር የእረፍት ጊዜ፣ ቢል ዌላን በደረሰው ሙዚቃ «ሪቨርዳንስ» የተሰኘ ትርኢት ቀረበ። በትለርና ከቺካጎ የመጣው ማይክል ፍላትሊ ፊታውራሪ ሆነው የደነሱበት ያ ትርኢት የቆየው ሰባት ደቂቃ ያህል ነበር። አዳራሹ በአንድነት ብድግ አለ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1995፣ ሙሉ ትርኢት ሆኖ ቀረበና ከአገር አገር ተሻገረ። የመንደሩ ወለል ዳንስ የዓለም ገበያ ሸቀጥም ሆነ።

ትርኢቱ ገና እየገነነ ሳለ፣ በ1997 መባቻ፣ በትለር ለቃ ወጣች። በ1999 መጨረሻም ከኮሊን ደን ጋር በመሆን፣ ዲያርሙድና ግራንያ በተባሉት ጥንታዊ የአየርላንድ አፈ ታሪክ ፍቅረኞች ላይ የተመሠረተ አዲስ ሥራ ለንደን ላይ አቀረበች። ሥራው በ2000 ኒው ዮርክ ደርሶ ታየ። አድናቆት አላጣም፤ ሆኖም ዕድሜው አጠረ። ሰፊ አዳራሽ በየምሽቱ መሞላት አለበት፤ ገበያውም የሚሻው ባለፈው ዓመት ያስጨበጨበውን እንጂ አዲስ ጥያቄን አይደለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቀድሞው ትርኢት በተመለሰ ነበር። እርሷ ግን በአየርላንድ በሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የዘመናዊ ዳንስ ትምህርትም ጀመረች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ዝም እንዲል የታዘዘ ክንድና ጀርባ፣ ሰውየው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ «ተናገር» ሲባል ምን ይላል? የተካነ አካል እንደ ጀማሪ መሰናከልን መቀበል አለበት። በ2010 ኮሪዮግራፈሩ ቴሬ ኦኮነር «ቀን» የተባለውን የብቻ ዳንስ ሠራላት፤ በውስጡም የታወቀው የእግር ድምቀት ሳይሆን የዳንሰኛዋ ጸጥታ ጎልቶ ወጣ።

የፍለጋዋ ፍሬ ግን ለብቻዋ አልቀረም። በ2018 ከኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዳንስ ክፍል ጋር የአየርላንድ ዳንሰኞችን ቃልና እንቅስቃሴ የሚያከማች መዝገብ እንዲቋቋም አደረገች። በ2022 በደብሊን የቴአትር ፌስቲቫል ባቀረበችው «የምንይዘው» በተሰኘ ሥራም ዕድሜያቸው የተራራቀ ዳንሰኞችን በአንድነት አሰለፈች። በዚያ ሥራ ጥያቄው ማን ከፍ ብሎ ዘለለ የሚል አልነበረም፤ ያረጀ ጉልበት ምን ያስታውሳል፣ ወጣቱስ ከእርሱ ምን ይወስዳል የሚል ነበር።

የዳኛ ወረቀት የእርምጃን ጥራት ይመዝናል፤ የትኬት ሽያጭም የተመልካችን ብዛት ይቆጥራል። አንድን እርምጃ ማን ለማን እንዳስተማረው ግን ሁለቱም አይመዘግቡም። ይህ የሚኖረው በሰው አካል ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲያልፍ፣ ተቀባይ ካላገኘ፣ አብሮት ያልፋል። በትለር የለመደችውን ጭብጨባ ትታ የሄደችው ይህን ለማግኘት ከሆነ፣ ትርፉ እንጂ ኪሳራው አይታይም።