ሳይክሌን ልሽጠው?

በአብነት ሳይክል የሚነዳ ሰው ልጅ ከሆነ «ጨዋታ ወዳድ»፣ ካደገ ደግሞ «ኪሱ የሳሳ» ይባላል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነውና የሚደርሰኝ ሁለተኛው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሰሞኑን «ምን ያደርግልሃል? ሽጠውና ደህና ስልክ ግዛ። መጽሐፉም ታክሲውም እዚያው ውስጥ አለልህ» እያለ ያዘኝ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። የእኔ ስልክ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፤ መምህራን የሚሰጡን ንባብ ደግሞ አብዛኛው በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ሁለቱን አሟልቶ ለመያዝ አቅም የለኝም።

እስቲ መጀመሪያ ለስልኩ እንፍረድለት። ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ በደቂቃ እጃችን ይገባል፤ መብራት ቢጠፋም ይነበባል። ይህን የሚንቅ ሰው፣ አንድ ቅጂ መጽሐፍ ለክፍል ሙሉ ተማሪ ሲዳረስ አላየም ማለት ነው። ግን እኮ ስልክ መጽሐፉን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ወሬውን፣ ኳሱን፣ የማላውቀውን ሰው ሠርግ ሁሉ ያስከትላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በስልክ ሳነብ፣ በዛብህ ገና ዲማ ሳይደርስ እኔ ሦስት ቦታ ደርሼ እመለሳለሁ።

ሳይክል እንዲህ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ባለዳገት ከተማ ናት፤ ከአብነት ስድስት ኪሎ መሄድ ደግሞ መውጣት ነው። ተክለ ሃይማኖትን አልፌ ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ስያያዘው ትንፋሽ ያጥረኛል፤ አንዳንዴ ወርጄ እየገፋሁ እወጣለሁ። ሚኒባሱ ከኋላ ክላክስ ያደርግብኛል፣ ወያላው ይሰድበኛል። እዚያ ላይ ሆኖ ሌላ ሐሳብ የለም። ክፍል ስደርስ ጭንቅላቴ ጠርቶ ይጠብቀኛል፤ ከባድ ምዕራፍ ቢሰጠኝም እንደ ዳገቱ ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ።

ደግሞስ ሳይክል የድሃ ዕቃ ብቻ ነው ያለው ማነው? ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ፣ እነ ገረመው ደንቦባ የተወዳደሩላት በቢስክሌት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ በአንዳንድ አውራ መንገዶች የቢስክሌት መስመር ተሠርቷል። መስመሩ ባለቀበት ግን ያው ከሚኒባስ ጋር መጋፋት ነው፤ እናቴም እስክገባ ድረስ ዓይኗ በር በር ያያል። የወንድሜ ክርክር የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ወስኛለሁ። ፊደሉ እስከታየኝ ድረስ በተሰነጠቀው መስታወት አነባለሁ፤ ሳይክሌን አልሸጥም። በቀን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ የምቆየው እሱ ላይ ስሆን ነውና፣ ይህን ሸጬ በምን ልተካው? የተሻለ ሐሳብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ወንድሜም ያነበዋል።