የከበሮ መቆሚያ ከአንገት ይማር

ከበሮ ከአንገት ወርዶ ብረት ላይ የሚወጣበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል። በባህል ምሽት ቤቶች መድረክ፣ በቀረጻ ስቱዲዮ፣ በሰርግ አዳራሽ፣ መዝሙር በሚለማመዱ ወጣቶች ዘንድም ከበሮውን ወንበር ላይ ማጋደም፣ ለኪቦርድ የተሠራ ባለ መስቀል እግር መቆሚያ ላይ መጫን፣ ወይም ብየዳ ቤት በተሠራ ክብ ብረት ወገቡን ማቀፍ የተለመደ ነገር ሆኗል። ሁሉም ከበሮውን ከመውደቅ ያድኑታል። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አይታይም፦ ማንገቻው ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ተካው? እኔ የምለው፣ ጥሩ የከበሮ መቆሚያ መነደፍ ያለበት አንገት፣ ሆድና ክንድ ተባብረው የሚሠሩትን ሥራ አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው። ለሌላ መሣሪያ የተሠራውን ብረት አጥፎና አስፍቶ ለከበሮ ማዋል፣ ከማንገቻው የባሰ ነገር በገንዘብ መግዛት ይመስለኛል።

መጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ እንይ። ከበሮ ከግንድ ተቦርቡሮ የሚወጣ፣ ሁለት አፍ ያለው መሣሪያ ነው። አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሁለቱም በከብት ቆዳ ይወጠራሉ፣ ቆዳዎቹም ከዳር እስከ ዳር በጠፍር ይሳሰራሉ። በመካከላቸው የታሰረ አየር አለ። ሰፊው አፍ ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ገብቶ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ደግሞ ጠባቡን ቆዳ ከውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ አንዱን አፍ መትተን የምንሰማው የሁለቱንም ምላሽ ነው። ከበሮውን በጠባቡ አፍ ወለል ላይ ስናቆመው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ያጣን ይመስለናል፤ የጠፋው ግን ከዚያ ይበልጣል። የታችኛው ቆዳ መንቀሳቀስ ሲከለከል አየሩ የሚገፋው ነገር ያጣል፣ የላይኛው ጎርናና ድምፅ ራሱ ይለወጣል። ወለል ላይ ማጋደሙ ሁለቱንም አፎች ነጻ ይተዋል፣ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከበሮው ወደ አንድ ወገን ስለሚሰፋ አይተኛም፣ ያዘነብላል፤ የሰፊው አፍ ዳርቻም ከወለሉ ጋር ይፋተጋል። ሁለቱም መንገድ ሲቸግር የሚሆን ነው፣ ለዘወትር ግን አይሆንም።

ማንገቻው ይህን ሁሉ በአንድ ማሰሪያ ይፈታዋል። ከበሮው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት አፎቹ ወደ ግራና ቀኝ ተከፍተው፣ ገላው ከላይ ከታሰረበትና የመቺው ሆድ ከሚነካው ስፍራ በስተቀር ምንም ሳይይዘው ይቆያል። እዚህ ላይ ሦስት ሥራ እየተሠራ ነው። አንገት ክብደቱን ይሸከማል። ሆድ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ከበሮው እንዳይወዛወዝ በለስላሳው ይገታል። ክንድ ደግሞ ሲያስፈልግ ከበሮውን ያዞራል፣ ያዘነብላል፣ ያረጋጋል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ማለትም ክብደት መሸከሙን፣ የሚተካ ብረት ሲሶውን ሥራ ነው የሠራው።

የምዕራቡ ድራም ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስኔር የሚባለው ድራም በገመድ ከትከሻ ይንጠለጠል ወይም ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 የኢንዲያናፖሊሱ ዩሊሰስ ሊዲ ከፍታው የሚስተካከል መቆሚያ አወጣ፤ በ1909 ደግሞ ዊልያም ሉድዊግ ትልቁን ድራም በእግር የሚያስመታውን ፔዳል ይዞ ብቅ አለ። በእነዚህና በመሰል ፈጠራዎች የሁለትና የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ሆነ። ድምፁን በተመለከተ ግን የመቆሚያው ነገር ለአሥርታት ብዙም አልታሰበበትም። ቶም ለሚባሉት ድራሞች የተለመደው ዘዴ የድራሙን ገላ፣ ማለትም ቀፎውን፣ በስቶ ወፍራም ቱቦ ወደ ውስጥ ማስገባት ነበር። በኋላ ጌሪ ጋውገር የተባለ አሜሪካዊ ከበሮ መቺ ቀፎውን ሳይበሳ፣ ድራሙን በውጥረት ብሎኖቹ በኩል በብረት ቀበቶና በጎማ የሚያንጠለጥል ዘዴ ይዞ መጣ። ያው ድራም፣ ያው ቆዳ፣ ያው ምት፤ ድምፁ ግን የበለጠ ይቆይ ጀመር። ከዚያ በኋላ ያማሃ፣ ፐርልና ታማን የመሰሉ ትልልቅ አምራቾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማንጠልጠያ ሠሩ። ረጅም መንገድ ዞረው የደረሱበት ቦታ የእኛ ማንገቻ ከጥንት ጀምሮ የነበረበት ነው፦ አንጠልጥል፣ በትንሹ ንካ፣ የምትነካውንም በለስላሳ ንካ።

እንግዲህ ከእነሱ የተዘጋጀውን ገዝተን ብንጠቀምስ? አይሆንም፣ ምክንያቱ ደግሞ የምቱ አቅጣጫ ነው። መቆሚያ ላይ የሚውለው የምዕራቡ ድራም የሚመታው ከላይ ወደ ታች ነው። ምቱ በመቆሚያው መካከል አልፎ ወደ መሬት ስለሚወርድ እያንዳንዱ ምት መቆሚያውን ይበልጥ ይተክለዋል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ የሚበቃውም ለዚህ ነው፤ ሦስት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይ እንኳ አይንገጫገጭም። የተንጠለጠለ ከበሮ ግን የሚመታው ከጎን ነው፣ ያውም ከሁለት ጎን። ምቱ ወደ መሬት አይወርድም፤ ከበሮውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ጠንካራ አይደለም። እግሮቹ ከመካከሉ 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ፣ በአንዱ እግር አቅጣጫ ለመገልበጥ ሙሉ 40 ሴንቲ ሜትር መሻገር ይጠይቃል፤ በሁለት እግሮች መካከል ባለው ክፍተት በኩል ግን 20 ብቻ ነው የሚቀረው። ያው 40 ሴንቲ ሜትር የሚርቁ አራት እግሮች ቢሆኑ ደካማው አቅጣጫ ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። አራቱን እግሮች በካሬ ፈንታ በከበሮው ርዝመት አቅጣጫ ረዘም አድርጎ መዘርጋት ደግሞ ከዚያም ያሻላል፣ ምቱ የሚመጣው በዚያ መስመር ስለሆነ። ለኪቦርድ የተሠራው የመስቀል እግርም ቢሆን በተሠራለት አቅጣጫ ጠንካራ ነው፤ ኪቦርድን ግን ከጎን በጥፊ የሚመታ የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሚዛን ነው። ከበሮ ወደ አንድ ወገን ስለሚሰፋ የክብደቱ ማዕከል ርዝመቱ መሐል ላይ አይወድቅም። ሰፊው አፍ የጠባቡ እጥፍ ስፋት ቢኖረው፣ የቀፎው ግድግዳም ውፍረቱ እኩል ነው ብንል፣ የቀፎው ብቻ ማዕከል ከሰፊው አፍ ተነሥቶ የርዝመቱ 44 ከመቶ ገደማ ላይ ይሆናል። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ከበሮ 31 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የሰፊው አፍ ቆዳ ሰፋና ከበድ ስለሚል ማዕከሉን ይበልጥ ወደ ራሱ ይስበዋል። ወገቡን መሐል ለመሐል የሚያቅፍ ክብ ብረት ታዲያ ከመጀመሪያው ተሳስቷል፤ ከበሮው በሰፊው አፍ በኩል ዝቅ ማለቱ አይቀርም፣ እንዳይል ሲባልም ብሎኑ ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ጠፍሩን ይጨቁናል። ጠፍሩ ሲጨቆን የቆዳው ውጥረት በአንድ በኩል ይለወጣል። ማንገቻ የሚያስር ሰው ይህን ሁሉ ሒሳብ በወረቀት አያሰላም፣ ከበሮውን አንጠልጥሎ እያየ ወደ ሰፊው አፍ ጠጋ አድርጎ ያስራል እንጂ።

ከዚህ የሚወጣው ቅርጽ ምን ይመስላል? ሁለት ምሰሶዎች ከከበሮው ፊት ለፊት፣ ከመቺው ማዶ ይቆማሉ፤ በከበሮው ጎንና ጎን ከቆሙ የእጅን መንገድ ይዘጋሉና። ከምሰሶዎቹ አናት ሁለት አጭር ክንዶች ወደ መቺው ወጣ ብለው ከበሮው ከእነሱ ይንጠለጠላል። ክብደቱ ወደ መቺው ስለሚያደላ እግሮቹም ወደዚያው ረዘም ማለት አለባቸው። የሚንጠለጠለው ማንገቻው ራሱ ከሚታሰርባቸው ቀለበቶች ነው፤ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም፣ ብሎን አይገባም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ50 ሴንቲ ሜትር ማንጠልጠያ ላይ ያለ ነገር አንዴ ሄዶ ለመመለስ 1.4 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ይህ ደግሞ ከዝግተኛ ምት ጋር ሊገጥም የሚችል ፍጥነት ነው። ከገጠመ እያንዳንዱ ምት የቀድሞውን ውዝዋዜ እያሳደገ ይሄዳል፣ መቺውም ከበሮውን መምታት ትቶ ማባረር ይጀምራል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ቀለበት ወደ ሁለቱም ክንዶች ጠፍር መዘርጋት ነው። ቀለበቶቹ በሁለቱ ክንዶች መካከል እስካሉ ድረስ አራቱ ጠፍሮች ከበሮውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይይዙታል። የሆድን ሥራ ደግሞ በምሰሶዎቹ መካከል የተጋደመ፣ በስፖንጅና በቆዳ የተጠቀለለ አግዳሚ ይሠራዋል፤ ከበሮው በስሱ ይደገፈዋል፣ አይታሰርበትም። የመቺው ወገን ክፍት ስለሆነ ክንዱ እንደ ልማዱ ከበሮውን ማዘንበልና ማረጋጋት ይችላል። ሦስቱም ሥራ ተተካ ማለት ነው።

ተቃውሞ ይኖራል፣ ከሁሉ የሚከብደውም ከማኅሌት በኩል የሚመጣው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ድምፅ ማውጫ ብቻ አይደለም። ጠፍሩ የጌታን የግርፋት ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትንና የተጎተተበትን ገመድ እንደሚያመለክት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። በዚያ ላይ መቺው አይቆምም፤ ከመዘምራኑ ጋር ያጎነብሳል፣ ይዞራል፣ ወደፊትና ወደ ኋላ ይላል። እንቅስቃሴው የዝማሬው ክፍል ነው። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። በማኅሌት ላይ ከበሮ ምሰሶ ላይ ይንጠልጠል የሚል ሰው ከበሮን አልተረዳም። ሆኖም ከበሮ ባለበት ሁሉ ማኅሌት የለም። ተማሪ እጁን በሚያፍታታበት የልምምድ ሰዓት፣ ወገቡን ያመመው መቺ መቀመጥ ሲፈልግ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያው ምት ደጋግሞ ሲቀረጽ፣ እንቅስቃሴው ቀርቶ ክብደቱ ብቻ አንገት ላይ ይቀራል። ሥርዓቱ ራሱ እንኳ ለከበሮ ጊዜ ለይቶለታል፤ ቁም ዜማና ዝማሜ በሚባሉት የዝማሬ ስልቶች አይመታም፣ በመረግድ ይገባል፣ በጽፋት ይፈጥናል። ለመሣሪያው ጊዜና ቦታ መለየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በሰው አንገት ላይ የማይንጠለጠል ከበሮም ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። አዋጅ የሚጎሰምበት ነጋሪት በበቅሎ ተጭኖ ከንጉሡ ጋር ይጓዝ ነበር እንጂ በጎሳሚው አንገት ላይ አይውልም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ጋዜጣ ስሙን ከዚህ ከበሮ ወስዶ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ፤ በቅሎዋን ግን ማንም አላስታወሳት።

ሌላው ስጋት፣ ማንገቻው ከቀረ የአመታቱ ጥበብ ይጠፋል የሚል ነው። እዚህም የውጭው ታሪክ አንድ የሚገርም ነገር ያሳያል። በትከሻ ገመድ የተንጠለጠለ ስኔር ወደ ጎን ያዘነብል ስለነበር መቺዎቹ ግራ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ዱላውን ከሥር መያዝ ለመዱ። መቆሚያ መጣ፣ ድራሙ ተስተካከለ፣ ምክንያቱ ጠፋ፤ አያያዙ ግን ዛሬም በጃዝ መቺዎች እጅ ላይ አለ። ጥበብ ከወለደው ችግር በኋላም ይኖራል፣ የሚያስተምረው ሰው እስካለ። የአሜሪካ የሰልፍ ባንዶችም የትከሻውን ገመድ ትተው ክብደቱን በሁለቱም ትከሻና በወገብ ላይ ወደሚያከፋፍል መታጠቂያ ሲዞሩ፣ የሆነው የአመታቱ ፍጥነትና ውስብስብነት መጨመር ነው።

በማይክሮፎን ዘመን የዚህ ሁሉ ድምፅ ልዩነት ማን ይሰማዋል የሚልም ይኖራል። ማይክሮፎን ግን ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። በአንገት የተንጠለጠለ ከበሮ ከመቺው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ከማይክሮፎኑ ይቀርባል ይርቃል፣ ድምፁም አብሮ ይሰፋል ይጠባል። ወለል ላይ የተቀመጠው ደግሞ ዱብታውን በወለሉ በኩል ወደ ማይክሮፎኑ እግር ይልካል። ተንጠልጥሎ በቦታው የሚረጋ ከበሮ ለሁለቱ አፎች ሁለት ማይክሮፎን አቅርቦ እያንዳንዱን ለብቻው ለመቅረጽ ያስችላል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከላይ የተገለጸው ቅርጽ ከውጭ የሚመጣ አንድም ነገር አይጠይቅም። ቱቦላሬ፣ ብየዳ፣ ጠፍር፣ ስፖንጅ፣ ለእግሩ ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ከበሮ በእጅ የሚሠራ በመሆኑ ሁለት ከበሮ አንድ ልክ የለውም፤ የአንዱ ጠባብ አፍ ልክ ከሌላው ሰፊ አፍ ጋር ሊቀራረብ ይችላል፣ ቀለበቶቹም የሚቀመጡት ሠሪው እንደመሰለው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ክንዶች እርስ በርስ እንዲቀራረቡና እንዲራራቁ፣ አግዳሚውም ወደፊትና ወደ ኋላ እንዲል ሆነው መበየድ አለባቸው። ይህን ማስተካከያ የሚተው ብየዳ ቤት ለአንድ ከበሮ ብቻ የሚሆን መቆሚያ ነው የሚሠራው፣ ከበሮው ሲቀየር ደግሞ ብረቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ማስጫ ይሆናል።