ቢጫው ጀሪካን

አባቴ ጠዋት ጠዋት ቢጫ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለው ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ ያየ ጎረቤት ሁሉ አበባ ሊያጠጡ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ከመኪናቸው ሥር ዝገት የመሰለ ውሃ ተንጣሎ ሳይ ነው።

መኪናዋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ፣ የአዲስ አበባ ሰው ‹‹ዲኤክስ›› የሚላት ናት። አባቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደሉም። ነገር ግን ከልደታ ማርያም ጀርባ በነበረው ግቢያችን ካንዴላ የሚያጸዱትም፣ ቺንጊያ የሚቀይሩትም ራሳቸው ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ግቢው አብሮ ሄደ፤ በምትኩ የጋራ መኖሪያ ቤት ደረሰን። ከፎቁ ላይ ሆነው በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ባቡር ሲያልፍ ያያሉ፤ ብሎን የሚፈቱበት መሬት ግን የለም። ያለችው አንዲት የመኪና ማቆሚያ ናት፤ እሷም ላይ ዘይት ማፍሰስ በኮሚቴ የተከለከለ ነው።

‹‹ትሸጥ!›› ይላል ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በስልክ። ለእሱ ምን አለበት! የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ካስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ዲኤክሱን የሸጠ ጡረተኛ ሌላ እገዛለሁ ብሎ ባያስብ ይሻለዋል። (የኤሌክትሪኩም ቢሆን ከራዲያተር አላመለጠም፤ ባትሪውም ይሞቃልና።)

‹‹አባባ፣ ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?››

‹‹ምንም አይደል፣ ትንሽ ትንሽ ነው። ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ።››

‹‹ከመቼ ጀምሮ?››

‹‹ከፋሲካ ወዲህ።››

ስድስት ወር! ለካ እንቁላልም ሰብረው ጨምረውበታል። የእንቁላል ነጭ በፍል ውሃ ሲረጋ ቀዳዳ ይደፍናል የሚለው የድሮ ሾፌሮች ብልሃት ውሸት አይደለም። ችግሩ እንቁላሉ ቀዳዳውን ከደህናው ቱቦ ለይቶ አለማወቁ ነው። ራዲያተር ማለት ከሞተር የመጣ ፍል ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ተከፋፍሎ በነፋስ የሚበርድበት ዕቃ ነውና፣ ቱቦዎቹ ከተደፈኑ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ቢያፈሱበትም ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

የእኛው ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ የጥንቱ ዓይነት ነው። ሦስት ቦታ የብየዳ ጠባሳ አለበት። አራተኛ ይጨመርለት ብለን ብንወስደው በያጁ ክንፎቹን በጣቱ ነካ ሲያደርጋቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፉ። በዚያው ወደ ሶማሌ ተራ አቀናን። ያገኘነው አዲስ ራዲያተር አካሉ አሉሚኒየም፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ነበር። አባቴ በጥፍራቸው ኳ ኳ አድርገው ‹‹ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው›› አሉ። እውነት አላቸው፤ ቀላልና ጥሩ አቀዝቃዥ ቢሆንም ፕላስቲኩ አንዴ ከተሰነጠቀ የሚበይደው የለም። ነገር ግን የነበረው እሱ ነው፣ ገዛነው።

ኩላንት ስገዛም ሌላ ክርክር ተነሣ። ‹‹በረዶ በሌለበት አገር ፀረ በረዶ ምን ይሠራል?›› ዝገት ይከላከላል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ይረዳል ብዬ አስረዳሁ። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። የቧንቧ ውሃ ግን ውስጡ ያለው ማዕድን ቱቦው ላይ እየተጋገረ እንደ ጀበና ቂጥ ያደርገዋል። በጀበናዋ ምሳሌ ተረቱ።

በማግስቱ እሑድ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ከበረደ በኋላ፣ ዘበኛውን አስፈቅደን ጀመርን። አባቴ ዱካ ላይ ተቀምጠው ባትሪ ያበራሉ፤ እኔ ካቻቪቴና ፒንሳ ይዤ እታገላለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትእዛዛቸው ግን አይንቀጠቀጥም። ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትቼ አሮጌውን ውሃ በሳፋ ተቀበልኩ፤ የላይና የታች ጎማ ቱቦዎቹን አወለቅሁ፤ አራቱን ብሎኖች ፈታሁ። ቴርሞስታቱን ብፈልገው የለም፤ አንድ መካኒክ ‹‹ለእኛ አገር አያስፈልግም›› ብሎ አውጥቶታል። መኪናዋ በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ጠዋት ሳትሞቅ ስትዞርና ነዳጅ ስትጠጣ የኖረችው ለዚህ ኖሯል።

ክዳኑ ላይ ስደርስ ሌሊቱን ያነበብኩትን መናገር አማረኝ። ‹‹አዩ አባባ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አምቆ ስለሚይዘው ነው፤ ደህና ክዳን ከ110 ዲግሪ በላይ ያስችለዋል። በጋለበት ከከፈቱት ግፊቱ ስለሚለቀቅ የታመቀው በአንዴ ፈልቶ ይተፋል። ዘግተው፣ ሞተር አጥፍተው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቢታገሡ ግን አብዛኛው ውሃ እዚያው ይቆያል።››

መልስ የለም። ቀና ስል ባትሪው ጭናቸው ላይ ነው። የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን፣ ግን ጠይቄ የማላውቀውን የክንዳቸውን ጠባሳ ያያሉ።

‹‹በ89 ሚያዝያ፣ እማዬን ከደብረ ማርቆስ ለሕክምና ስናመጣት›› አሉ። ‹‹አንቺም ነበርሽ፣ ከኋላ።››

ነበርኩ፤ ሰባት ዓመቴ ነው። የማስታውሰው ዝንጀሮዎቹን ነው። የአያቴ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ከደጀን ወርደን፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ጀምረናል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ አቀበት በዚያ ሐሩር። መርፌዋ ቀዩ ላይ ደረሰች።

‹‹ቸኮልኩ። ከፈትኩት። ክንዴን አይደለም፣ ውሃውን ነው ያጣሁት፤ ያለው ሁሉ ወጣ። መኪና ውስጥ የቀረው ለእማዬ የያዝነው የመጠጥ ውሃ ብቻ ነበር። ጨመርኩት። እስከ ጎሐ ጽዮን ውሃ ውሃ ስትለኝ መጣች።››

አያቴ ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖራለች፤ የሞተችውም በሌላ በሽታ ነው። ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያንን የግማሽ ሰዓት ነገርማ ምነው ባልተናገርኩ ኖሮ እያልኩ ብሎን አጠበቅሁ።

የቀረው ሥራ ቶሎ አለቀ። አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ቱቦዎች፣ አዲስ ክዳን። ኩላንቱን ቀስ ብዬ ሞላሁ፤ ክዳኑን ሳልገጥም ሞተሩ ተነሥቶ የውስጥ ማሞቂያው ተከፍቶ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቅን። በሳፋ የተጠራቀመውን አሮጌ ውሃ የሰፈሩ ውሾች እንዳይልሱት በሌላ ዕቃ ዘጋሁት። አባቴ መሪውን ይዘው መርፌዋን እያዩ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብላ ቆመች፣ አልነቃነቅም አለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በዚያ በኩል አለፍኩ። ጀሪካኑን ይዘው ወርደዋል። ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ፤ መሬቱ ደረቅ ነው። ሞተሯ የበረደ መሆኑን በእጃቸው ዳበሱና ክዳኑን ከፍተው ተመለከቱ፤ ሙሉ ነው። ዘጉት።

‹‹እንግዲህ አበባ ያጠጡበታ›› አልኳቸው።

‹‹አይ›› አሉና የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍተው ጀሪካኑን እንዳይወድቅ በጨርቅ ደግፈው አስቀመጡት።