ከቤተ ሰብ ጋራ ለዕረፍት ስለ መውጣትና ስለ መግቢያው ዋጋ

ሰው ሥራውን በሚገባ ከሠራ በኋላ ማረፍ እንዲገባው፥ ፈጣሪ ራሱ ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ቀን በማረፉ አስተምሮናል። በዘመናችን ግን ዕረፍት ብዙ ጊዜ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ሆኗልና፥ ደመወዙ የተቈጠረ አባወራ ልጆቹን ደስ ለማሰኘት በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ከኪሱ ጋራ መማከር ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ሄደን ስንመለስ የተረዳሁትን፥ ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ በዚህ ገጽ ለክቡራን አንባቢዎች አቀርባለሁ።

በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተሠራው አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ ልጆቻችን አንበሶቹንና አዳራሾቹን በቴሌቪዥን እያዩ መቼ ትወስዱናላችሁ ማለትን አላቋረጡም ነበር። ትንሹ ልጄማ በቡሬ ከተማ ፓርክ እንዳለ ከሰው ሰምቶ፥ «እዚህ ቅርብ ሳለ ስለምን አዲስ አበባ ድረስ እንሄዳለን?» ብሎ ጠየቀኝ። የቡሬው ፓርክ የግብርናን ፍሬ የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች የሚተከሉበት የኢንዱስትሪ ፓርክ እንጂ ልጆች የሚጫወቱበት እንዳልሆነ ባስረዳሁት ጊዜ፥ ያልተጫወቱበት ነገር እንዴት ፓርክ ይባላል ብሎ ተከራከረኝ። እኔም በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር የጻፍሁ ሰው ስሆን ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም።

ልጆቹ የዕረፍት ጊዜያቸውን፥ እኛም የፍርድ ቤቱን መዘጋት ስንጠባበቅ፥ እኔ ከመስከረም እስከ ሐምሌ በየወሩ 500 ብር አስቀመጥሁ፤ ይህም በ11 ወር 5,500 ብር ሆነ። ባለቤቴም ከዕቁቧ የደረሳትን 6,000 ብር ጨመረችበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ 11,500 ብር በእጃችን ተገኘ። ከዚህ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት በአንድ ወረቀት ላይ ገቢውን በቀኝ፥ ወጪውን በግራ ጻፍሁ። የሰዎቹም ቍጥር ስድስት ሆነ፤ ይኸውም እኔና ባለቤቴ፥ ሦስቱ ልጆቻችንና ከእኛ ጋራ የምታድገው የሟች እኅቴ ልጅ ነን።

የዚህን ጊዜ ከዘመዶቻችን አንዲት ትልቅ ሴት፥ ክፋት ሳታስብ፥ «ልጄ፥ ገንዘቡ እንዳያንስህ ልጅቱን ቤት ጠባቂ አድርገህ ተዋት፤ እሷ አስተዋይ ናት፥ አትከፋም» ብላ መከረችኝ። ልጅቱም ሰምታ ኖሮ፥ ማታ እራት ስታቀርብ፥ «አያ፥ እኔ ልቅር፤ ዶሮዎቹንም የሚጠብቅ ያስፈልጋል» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 13 ዓመት ነበረ። ባለቤቴም ከእኔ ቀድማ፥ «ዶሮዎቹን ጎረቤት ይጠብቃቸዋል። ከስድስት አንድ ቢጎድል ማናችንም አንሄድም» ብላ ነገሩን ቆረጠችው። እኔ በፍርድ ቤት ስለ ሙት ልጅ አስተዳደግና ስለ ሞግዚት የተጻፈ መዝገብ ብዙ አይቻለሁ፤ ነገር ግን እንደዚህ ባጭር ቃል የተሰጠ ፍርድ አላየሁም።

እንግዲህ ሰው መቀነስ ከተከለከለ የሚቀነሰው ወጪ ብቻ ነበርና፥ ወረቀቱን እንደገና መረመርሁት። በዚያም ጊዜ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር አገኘሁ። እኛ የምንፈራው በበሩ ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ለስድስት ሰው መሄጃና መመለሻ የሚከፈለው የአውቶቡስ ዋጋ ብቻውን የገንዘባችንን ግማሽ የሚወስድ ሆነ። ለበሮቹ ሁሉ የታሰበው ግን ከአምስት አንድ እጅ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ማዳኛው መንገዱ ከመግቢያው በፊት እንዲታሰብ ነው። ትኬቱን ከመናኸሪያው መስኮት በታሪፉ አስቀድመን ገዛን፤ አንድ ደላላ ቦታ አልቋል ብሎ በላዩ ሊያስጨምረን ቢሞክርም እሺ አላልነውም። ማደሪያችንንም በዘመድ ቤት አደረግን፤ ባለቤቴም ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሰንቃ ስለ ነበር፥ በደጀን ለምሳ በቆምን ጊዜ ከሻይ በቀር የገዛነው አልነበረም።

በመናፈሻ ስፍራ ዋጋ ማስከፈልም ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ያለው ቲቮሊ የተከፈተው በፈረንጆች 1843 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ አገር ዋልት ዲዝኒ ዲዝኒላንድን በፈረንጆች 1955 ዓ.ም. በከፈተ ጊዜ፥ መግቢያው ለአዋቂ አንድ ዶላር ሲሆን ለየጨዋታው ግን ሌላ ቲኬት ይሸጥ ነበር። ይህም የየጨዋታው ቲኬት እስከ ፈረንጆች 1982 ዓ.ም. ቆይቶ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው፥ በሩ ርካሽ ሆኖ ውስጡ ውድ ሊሆን እንደሚችል ነውና፥ አባወራ ሁሉ ከመግባቱ በፊት ሁለቱን ዋጋ መጠየቅ ይገባዋል።

እኛም አንድ ውድ፥ አንድ ርካሽ፥ አንድም የልጆች ጨዋታ ብለን ሦስት ስፍራ ብቻ መረጥን። በአንድነት ፓርክ ልዩና መደበኛ የሚባል መግቢያ ስላለ መደበኛውን ገዛን፤ በመደበኛው የገባም ሰው አንበሳውን የሚያየው በዚያው ዓይኑ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ቆመን የጥንቱን የግብር ሥርዓት ለልጆቹ ነገርኋቸው። ከዙፋኑ አዳራሽ በታች ባለው ምድር ቤት ደግሞ፥ በ1966ቱ አብዮት የተያዙ የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት ታስረውበት እንደ ነበረና ከነዚህም ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. እንደ ተገደሉ በሰሙ ጊዜ፥ የእኅቴ ልጅ፥ «አያ፥ መዝገባቸውን የጻፈው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በፍርድ ቤት ስላልቀረቡ መዝገብ እንዳልነበራቸው ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና በደብተሯ አንድ ነገር ጻፈች። ያ ጥያቄ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ የሚያህል ነበር።

በማግሥቱ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን፥ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን በጥቂት ብር አየን። በሦስተኛውም ቀን ልጆች በሚሽከረከር መንኰራኵር ወደሚጫወቱበት ስፍራ ሄድን። በዚያ ለየጨዋታው ለብቻው ይከፈል ስለ ነበር፥ ለየልጁ ሁለት ሁለት ቲኬት እኩል አደልሁ። ትንሹ የርሱን ጨርሶ ማልቀስ በጀመረ ጊዜ፥ የእኅቴ ልጅ ሁለተኛዋን ቲኬት ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። ባለቤቴ ግን እጇን መልሳ፥ «ይህ ያንቺ ነው፤ አንቺ ትወጪበታለሽ» አለቻት። ወጣችም። መንኰራኵሩ ወደ ላይ ባነሣት ጊዜ ስትሥቅ ሰማናት። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትሥቅ አልሰማንም ነበር። ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ እኔም የተረፈንን ገንዘብ እንደሚቈጥር ሰው ሆኜ ወደ መሬት ተመለከትሁ።

አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የማይቻለውም ሰው ቢሆን ለልጆቹ የሚያሳየው አያጣም። ከቡሬ አልፎ ወደ እንጅባራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፥ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን፥ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበውን የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። በእንጅባራም ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፥ ፈረስ በጌጥ ተሸልሞ ሲጋልብ ከማየት የሚበልጥ የልጆች ደስታ ጥቂት ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ጦርነት ምክንያት መንገዱ እንደ ቀድሞው አልሆነምና፥ ዛሬ ጉዞ የሚያስብ አባወራ ከቲኬቱ ዋጋ በፊት የመንገዱን ደህንነት መጠየቅ አለበት። ዕቅዱን ማቆየት ግን መተው አይደለም፤ ቍጠባው በየወሩ ይቀመጥ፥ ቀኑ ሲደርስ ይወጣበታል። ወጪውንም ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ከቤተ ሰቡ መካከል ማን ይቅር ብሎ አይጀምር፤ አስቀድሞ በቤቱ ያሉትን ነፍሳት ሁሉ ይቍጠር፥ ከዚያ በኋላ ስፍራውን እንደ ገንዘቡ ይምረጥ። የከተማችን ስም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነውና፥ እግዚአብሔር መንገዳችንን እንደ ስሙ አድርጎ፥ በየቤቱ ተራውን ለሚጠባበቀው ልጅ ሁሉ ይክፈትለት።