ወታደሩ ምን ይበላ ነበር?

ባለፈው ሴሚስተር የታሪክ መምህራችን «አገር የገነባ አንድ መሪ መርጣችሁ አቅርቡ» አሉን። ጓደኛዬ የህንዱን የማይሶር ገዢ ቲፑ ሱልጣንን መረጠ። እኔ ሳላመነታ አጼ ምኒልክን አልኩ። ስልክ፣ ባቡር፣ ባንክ፣ በ1900 ዓ.ም. የተሾሙት ሚኒስትሮች፤ ምን ያስቸግራል? ተዘርዝሮ የሚያልቅ ነው።

ቅዳሜ ደራ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ጽሑፉን ለአካኮ (የአባቴ አባት ናቸው) አነበብኩላቸው። ስጨርስ «ጥሩ ነው፤ ግን ወታደሩ ምን ይበላ ነበር?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም። አርሲ በ1870ዎቹ ከተደጋጋሚ ዘመቻ በኋላ በራስ ዳርጌ ጦር ሲያዝ፣ ለዚያ ሁሉ ሠራዊት በየወሩ የሚቆጠር ደሞዝ አልነበረም። ስለዚህ ለወታደሩ የተሰጠው ሰው ነው። እንደየማዕረጉ ገባር ይመራለታል፤ ገባሩ እህል ይሰፍርለታል፣ እንጨት ይፈልጥለታል፣ አጥር ያጥርለታል። የአካኮ አባት ገባር ነበሩ። አካኮ ራሳቸው ደግሞ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛ ነበሩ።

የጓደኛዬ ሥራ የገባኝ ያኔ ነው። ቲፑ (የገዛው ከ1782 እስከ 1799 እ.ኤ.አ. ነው) የአካባቢውን ባላባቶች ገፋ አድርጎ ግብሩን በራሱ ሹማምንት እያስሰበሰበ ለጦሩ በጥሬ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ለገበሬው ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ደግሞም እንግሊዞች ገደሉት፤ ግዛቱም ፈረሰ። የምኒልክ መንግሥት ግን አድዋ ላይ ወራሪን መልሶ ጸና። ይህንንም መካድ አልችልም።

የኔ ጣጣ ሌላ ነው። እማማ፣ የእናቴ እናት፣ «እምዬ» ሳይሉ ምኒልክን አይጠሩም። የእሳቸው አያት ከመንዝ ከጦሩ ጋር ዘምተው እዚሁ አርሲ የቀሩ ናቸው። እንግዲህ የበላውም የተበላውም የኔው ዘር ነው።

ርዕሱን አልቀየርኩም፤ የባቡሩን ገጽ አውጥቼ ገባርን አስገባሁ። ክፍል ውስጥ አንዱ «ታሪክ አጠለሸህ» አለኝ። ሌላው ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀውን የአኖሌን ሐውልት ስላልጠቀስኩ «ፈርተህ ነው» አለኝ። ሁለቱም እስካሁን በደንብ ሰላም አይሉኝም።

በበዓል ሁለቱም አያቶቼ አንድ ቡና ላይ ተቀምጠው ደግሜ አነበብኩት። እማማ ዝም ብለው ቆዩና «አያቴ ደሞዝ ቢቆረጥላቸው ኖሮ መንዝ አገራቸው ይገቡ ነበር እኮ!» አሉ።

አካኮ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ይሄን ልጅ ማን ይወልደው ነበር?»