በፊልም ቤት የምታጨበጭቡት ለማን ነው?

በዚህ እትም ስለ አንድ የጎንደር ሰው ላጫውታችሁ። ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ቴአትር እየጻፉ ከአገር አገር እየዞሩ ያሳዩ ስለ ነበር፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው አብረው ይጫወቱ ነበር።

በሲኒማ ቤት የሚታየው ፊልም ግን የውጭ ነበር። ፕሮፌሰሩ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ልጆቹ የካውቦይ ፊልም አይተው ሲወጡ በጎንደር ተራሮች ላይ ካውቦይ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ አልነበረም። የታርዛን ፊልም ሲታይማ፣ አፍሪካውያኑ ከታርዛን ጀርባ አድብተው ሲመጡ፣ እነዚህ አፍሪካውያን ልጆች ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር።

ነገሩ የድሮ ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ እሑድ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር በሚገኝ ቪዲዮ ቤት ከልጆቻችን ጋር ተቀምጬ ነበር። የፊልሙ ጀግና የውጭ ወታደር ነው። ጠላት የተባሉት ሰዎች ስማቸው እንኳ አይጠራም። መንደራቸው ሲቃጠል እናቶች ልጅ አዝለው ይሮጣሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ካጨበጨቡት መካከል መንደራቸው ተቃጥሎ፣ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ድንበር የተሻገሩ ልጆች ነበሩ።

ከናይሮቢ ወጣ ስትሉ የንጎንግ ተራሮችን ታያላችሁ። አሜሪካዊው ሲድኒ ፖላክ በ1985 የወጣውን «አውት ኦፍ አፍሪካ» የቀረጸው በዚያ አካባቢ ሲሆን፣ ፊልሙ ሰባት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ሥራው ያማረ ነው፤ ታሪኩ ግን የአንዲት ዴንማርካዊት ነው። ባለ አገሩ በቤቷና በእርሻዋ ሲያገለግል ይታያል።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ለመለወጥ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄደው ቺካጎ ቴአትር፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ፊልም ተማሩ። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ግድም ቀረጹ፤ በ1976ም ለዕይታ በቃ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቋንቋው አማርኛ፣ ባለታሪኮቹም በባላባት መሬት ላይ የሚያርሱ ጭሰኛና ቤተሰቡ ናቸው። ከ1975 ጀምሮም ዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፊልም አስተምረዋል።

በ1993 ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረውን «ሳንኮፋ» አወጡ። ቃሉ የጋና ሰዎች የአካን ቋንቋ ነው፤ ተመልሰህ የተውከውን አንሣ ማለት ነው። የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች አንወስደውም አሏቸው። እርሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ተሰልፈው አዩት። በ1996 ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በዚሁ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። በ1999 ስለ ዐድዋ ድል ፊልም ሠሩ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶ በ2008 ተጠናቀቀ። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ተቀበለ። ባለታሪኩ ጀርመን አገር ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ መንደሩ የሚመለስ ሐኪም ነው። በዚያች መንደር ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ያለ አስተርጓሚ የምታውቁት እናንተ ናችሁ!

ወደ መጠለያ ጣቢያ ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም አይተናል። ባዶ ጀሪካን የያዘ ሕፃን ያነሣና ይሄዳል። ሕፃኑ ሥዕሉን አያየውም፤ ከሥሩ ምን እንደ ተጻፈም አያውቅም። ሥዕሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ሕፃን ስም አለው፤ የመጣበት ቀበሌ፣ አያቱ የነገሩት ተረት፣ ትናንት ያሳቀው ነገር አለ። ይህን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው።

እኛ ለፊልም የሚበቃ ገንዘብ የለንም። ደብተርና እስክሪብቶ ግን አለን። ስለዚህ ተማሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ወይም ከጎረቤት አዛውንት አንዱን ጠይቁ፦ ከየት ተነሣችሁ? በየትኛው መንገድ መጣችሁ? ውኃ የሰጣችሁ ማን ነው? የነገሯችሁንም በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ወላጆችም፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አትበሏቸው። የሚያማችሁን አቆዩትና የምትችሉትን ንገሯቸው። ፊልም ስታዩም፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ስሙ ያልተጠራው ሰው ማን እንደ ሆነ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

ቸር ይግጠመን።